ትራፊኩ ሲያስነፋችሁ 0.4 ማለት ምንድነው?

ደሴ ላይ ሾፌሮች ጠጥቶ መንዳት የሚያስቀጣው የአልኮል መጠን ስንት ነው ብለው ሲከራከሩ እሰማለሁ፣ አንዱ 0.8 ነው ሌላው የለም 0.4 ነው ይላል፣ ግን እኮ በግምት አንድ ነገር ነው። 0.8 ማለት በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ያለው የአልኮል ግራም ነው፣ 0.4 ደግሞ ማሽኑ በአንድ ሊትር ትንፋሽ ውስጥ የሚለካው ሚሊግራም፣ መለኪያው ተለያየ እንጂ ስካሩ ያው ነው።

ቡና ጠጣሁ፣ ማስቲካ አኘክሁ ብሎ ነገር ቁጥሩን አያወርደውም። የሚያጣራው ጉበት ነው፣ እሱም በሰዓት ከሊትር ደም 0.15 ግራም ገደማ ነው የሚቀንሰው፣ ስለዚህ 0.8 የደረሰ ሰው ደሙ ከአልኮል እስኪጠራ ከ5 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አረቄ ላይ ያመሸ ሾፌር ንጋት 12 ሰዓት ሚኒባሱን ሞልቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲጀምር፣ እሱ ነቅቻለሁ ቢልም አልኮሉ ገና ደሙ ውስጥ ነው፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።