ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት በጎጃም

ፍርድ ቤት የማረሚያ ቤትን ፖሊሲ ምን ያህል ይቀርጻል የሚለውን ጥያቄ ከጎጃም እንየው። ጎጃሜ ሙግት ይወዳል ይባላል፤ ሐሰት አይደለም፣ ደግሞም አያሳፍርም። «በሕግ አምላክ» ሲባል ቀጥ የሚል አገር ነው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። በ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 ደግሞ ሥነ ሥርዓቱ ወጣ። በደርግ ጊዜ ልዩ ጦር ፍርድ ቤት መጣ፣ ብዙ የፖለቲካ እስረኛም ከመደበኛው ዳኛ እጅ ወጣ።

ዛሬ የምሥራቅ ጎጃም ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደብረ ማርቆስ፣ የምዕራቡ ፍኖተ ሰላም፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባሕር ዳር ነው። ማረሚያ ቤቱን የሚያስተዳድረው ግን አስፈጻሚው ነው። ሕገ መንግሥት መተርጎምም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥልጣን ነው። ለንጽጽር፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2011 ካሊፎርኒያ የእስረኛውን ቁጥር ወደ እስር ቤቶቹ አቅም 137.5 በመቶ እንድታወርድ የተሰጠውን ትዕዛዝ አጽንቷል። የእኛ ዳኛ ግን ማረሚያ ቤቱን የሚነካው በአብዛኛው በቀን ቆጠራ ነው።

ቆጠራው ከ48 ሰዓት ይጀምራል። የተያዘ ሰው በዚያ ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም፣ ዓባይ በረሃ ለተያዘ ሰው ደግሞ መንገዱ ቀላል አይደለም። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። እዚህ ላይ ዳኛው ጠንከር ካለ የፖሊስ ጣቢያው እስረኛ ይቀላል፣ ከላላ ጣቢያው ይጨናነቃል።

ቀጥሎ ቅጣቱ አለ። ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፣ በ2006 አሻሻለው። አንድ ዓይነት ጥፋት አንዱ ወረዳ ላይ 3 ዓመት፣ ሌላው ላይ 8 ዓመት እንዳይሆን ነው። ፍርድ ቤት ፖሊሲ አወጣ ከተባለ እኔ የምጠቅሰው ይህንን ነው።

መጨረሻው አመክሮ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ታራሚው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ከፈጸመ፣ ጠባዩ ከታረመና ጉዳቱን በተቻለው መጠን ከካሰ ፍርድ ቤቱ ሊፈታው ይችላል። 12 ዓመት የተፈረደበት 8 ላይ ይጠይቃል ማለት ነው። ካሳው ጎጃም ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ደም ያለበት ሰው ዳኛ ቢፈታውም የሟች ወገን ካልታረቀው መንደሩ አይገባም፣ ስለዚህ ሽማግሌዎች ገና እስር ላይ እያለ እርቁን ይጀምራሉ። ማረሚያ ቤቱ የአመክሮ ሐሳብ ካላቀረበለት ታራሚው ራሱ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል።