በሪል እስቴት ኢንቨስትመንት ጀማሪዎችን የሚያሳስቱ እምነቶች እና እውነታው

ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ገዝቶ ለማከራየት ወይም አቆይቶ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው መካሪ አያጣም፤ ዘመድም፣ ደላላም፣ ሻጭም ይመክሩታል። አስቸጋሪው ነገር ከሚሰማው ምክር አብዛኛው ግማሽ እውነት መሆኑ ነው። ፈጽሞ ሐሰት የሆነ ምክር ቶሎ ይነቃበታል፤ ግማሹ እውነት የሆነው ግን ሰውዬው ለዓመታት የቆጠበውን ገንዘብ ይዞ እስኪገባበት ድረስ አያስጠረጥርም። ቀጥለው የቀረቡት በተደጋጋሚ የሚሰሙና በእኔ እይታ ጀማሪውን ይበልጥ የሚጎዱት ናቸው።

«የቤት ዋጋ ሁልጊዜ ይጨምራል»

መሬት አይባዛም፣ የሰው ቁጥር ግን ይጨምራል፤ ስለዚህ የቤት ዋጋ አይወርድም የሚለው ክርክር አሳማኝ ይመስላል። ታሪክ ግን ሌላ ያሳያል። በጃፓን የከተማ መሬት ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1991 ገደማ ጣሪያ ከነካ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያሽቆለቁል ቆይቷል። በአሜሪካም ከ2006 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት የቤቶች ዋጋ በአማካይ በሩብ ያህል ቀንሷል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሮበርት ሺለር ከ1890 ጀምሮ ያለውን የአሜሪካን የቤት ዋጋ አሰባስቦ የዋጋ ግሽበቱን ቀንሶ ሲያሰላው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የታየው እውነተኛ ጭማሪ ብዙ ሰው ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ከ20 ዓመት በፊት የተገዛን ቤት ከዛሬ ዋጋው ጋር የሚያነጻጽር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግሽበቱን፣ በመካከሉ የወጣውን የጥገና ወጪ፣ ግብሩንና ወለዱን አያሰላም። ስለዚህ ጀማሪ ሰው ዋጋው ባይጨምር እንኳ በኪራዩ ራሱን የሚያስተዳድር ንብረት ቢፈልግ ይሻለዋል፤ የዋጋ ጭማሪው ከመጣ ተጨማሪ ትርፍ ይሆንለታል፣ ባይመጣም አይጎዳም።

«ኪራዩ ከብድሩ ወርሃዊ ክፍያ ከበለጠ ትርፍ አለ»

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያከስረው ይህ ይመስለኛል፤ በመሆኑም በቁጥር ማየቱ ይጠቅማል። መገበያያው የትኛውም ገንዘብ ይሁን፣ ዋጋው 1,000,000 የሆነ ቤት በወር 8,000 ይከራያል እንበል። ገዢው 300,000 ከራሱ ከፍሎ ቀሪውን 700,000 በ9 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ቢበደር ወርሃዊ ክፍያው 6,300 ገደማ ይሆናል። ላይ ላዩን ሲታይ በየወሩ 1,700 ያህል ይተርፋል።

አሁን ሙሉውን ዓመት እንመልከት። የዓመቱ ኪራይ 96,000 ነው፤ ተከራይ ለቆ ሌላ እስኪገባ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቆም 88,000 ይቀራል። ከዚህ ላይ ለመደበኛ ጥገና 10,000፣ ለግብርና ለመድን 10,000፣ ቤቱን ለሚያስተዳድር ሰው 7,000፣ እንደ ጣሪያና የውኃ መስመር ላሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ለሚተኩ ነገሮች ማጠራቀሚያ 8,000 ሲቀነስ የተጣራው ገቢ 53,000 ይሆናል። የብድሩ ዓመታዊ ክፍያ ግን 75,600 ያህል ነው። ትርፍ የመሰለው ቤት በዓመት ከ22,000 በላይ ከባለቤቱ ኪስ ያስወጣል ማለት ነው። «ብድሩ እየተከፈለ ስለሆነ ያው ሀብት ነው» የሚል ካለ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሚከፈለው ውስጥ ከዋናው ብድር የሚቀነሰው 13,000 ገደማ ብቻ ሲሆን ሌላው ሁሉ ወለድ ነው፤ ጉድለቱን አይሸፍንም።

በተለያየ አገር የወለዱም የግብሩም መጠን ይለያያል፤ የስሌቱ ቅደም ተከተል ግን አንድ ነው። በመጀመሪያ የተጣራው ዓመታዊ ገቢ ለቤቱ ዋጋ ይካፈላል፤ በምሳሌያችን 5.3 በመቶ ይመጣል። ብድሩ 9 በመቶ ወለድ እያስከፈለ ቤቱ 5.3 በመቶ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ ብዙ በተበደሩ ቁጥር ጉድለቱ ይሰፋል። ሻጭ የሚነግረው ኪራይም ሳይጣራ በስሌቱ ውስጥ መግባት የለበትም፤ በአካባቢው በእርግጥ የተፈጸሙ የኪራይ ውሎችን መጠየቅ ያስፈልጋል።

«በሰው ገንዘብ መሥራት ፈጣን መንገድ ነው»

ብድር ትርፍን እንደሚያባዛ ሁሉ ኪሳራንም ያባዛል። የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ብቻ ከራሱ የከፈለ ሰው፣ ዋጋው በ10 በመቶ ቢወርድ ካዋጣው ገንዘብ ግማሹ ይጠፋል፤ በተመሳሳይ መጠን ቢጨምር ደግሞ፣ ወለዱና ሌላው ወጪ ሳይታሰብ፣ በገንዘቡ ላይ 50 በመቶ ያተርፋል። ብድርን ፈጽሞ መሸሽ አስፈላጊ ነው ብዬ አላምንም። ወለዱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ብድር ከመፈረሙ በፊት ግን ወለዱ በሁለት ወይም በሦስት ነጥብ (ለምሳሌ ከ9 ወደ 11 ወይም 12 በመቶ) ቢጨምር ክፍያውን መሸከም ይቻል እንደሆነ ማስላት ይገባል። ከቅድመ ክፍያው ውጭ የበርካታ ወራት ክፍያና ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ መያዝም ግዴታ ነው። ዋጋው የወረደ ቤት በእጁ ያለ ሰው ዋጋው እስኪያገግም መጠበቅ ይችላል፤ ክፍያ ያቋረጠ ሰው ግን በመጥፎው ጊዜ ለመሸጥ ይገደዳል።

«ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው መጀመር አይችልም»

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣችው ሕግ ሪት ተብለው የሚጠሩ ኩባንያዎች እንዲቋቋሙ ፈቅዷል፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ይገኛሉ። ገቢ የሚያስገኙ ሕንጻዎችን ይይዛሉ፤ በአክሲዮን ገበያ በተመዘገቡት ላይ ማንኛውም ሰው በትንሽ ገንዘብ ድርሻ መግዛት ይችላል። የአሜሪካው ሕግ ግብር ከሚከፈልበት ገቢያቸው ቢያንስ 90 በመቶውን ለባለድርሻዎች እንዲያከፋፍሉ ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ገበያ በሌለበት ደግሞ በሚኖሩበት ቤት አንዱን ክፍል ማከራየት የአከራይነትን ሥራ በአነስተኛ ወጪ ያስተምራል።

«የኪራይ ገቢ ያለ ድካም የሚገኝ ነው»

ተከራይ መምረጥ፣ ውል ማዘጋጀት፣ የተበላሸ ማስጠገንና ያልተከፈለ ኪራይ መጠየቅ ሥራ ነው። ሥራውን ለሌላ የሚሰጥ ሰውም ክፍያውን ከገቢው መቀነስ፣ ሥራ አስኪያጁንም መቆጣጠር አለበት።

«ሰነዱን ሻጩና ደላላው አይተውታል»

ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ነው፤ ታማኝ ቢሆን እንኳ የገዢው ጠበቃ አይደለም። የባለቤትነት ማረጋገጫው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ንብረቱ በብድር መያዣነት የተያዘ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ ያለበት አለመሆኑን፣ ወራሾች ወይም የትዳር ጓደኛ መብት ካላቸውም መስማማታቸውን ገዢው ራሱ ከመዝጋቢው አካልና ከሕግ ባለሙያ ማረጋገጥ አለበት። ሕንጻውንም ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው መሐንዲስ ቢመለከተው ይመረጣል። ገና ያልተገነባ ቤት የሚገዛ ደግሞ የገንቢውን የቀድሞ ሥራዎች በአካል ሄዶ ያያል፣ ክፍያውም ከግንባታው ደረጃ ጋር እንዲያያዝና መዘግየት ቅጣት እንዲኖረው በውሉ ያስገባል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ነው።