የመልክዓ ምድር ጥበቃ ቀጣና ምንድን ነው?

ከአዳማ በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ ፓርክ የዘለቀ ሰው ፏፏቴውን አይረሳውም። ወንዙ ከዚያ ተወርውሮ ወደ ጥልቁ ገደል ይገባል። እንዲህ ያለ ቦታ በምን ይጠበቃል ቢባል ብዙዎቻችን ፓርክ ይሁን እንላለን። ሌላም መንገድ አለ።

የመልክዓ ምድር ጥበቃ ቀጣና ማለት ሰው እየኖረበትና እያረሰበት ውበቱ በሕግ የሚጠበቅ አካባቢ ነው። ሕጉ ነዋሪውን አያስነሳም። የሚቆጣጠረው ምን፣ የትና እንዴት እንደሚገነባ ነው።

ጥሩ ምሳሌው በአሜሪካ ኦሪገንና ዋሽንግተን ግዛቶች መካከል ያለው የኮሎምቢያ ወንዝ ሸለቆ ነው። ርዝመቱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገና በ1910ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለእይታ ተብሎ መንገድ ተሠራበት፤ የተወሰነው ደንም ለመዝናኛ ተከለለ። ያ ግን ወንዙን አላዳነውም። በ1957 የዳልስ ግድብ ሲሞላ ሴሊሎ ፏፏቴ በሰዓታት ውስጥ ሰጠመ። የአገሬው ሕዝቦች ለሺህ ዓመታት ሳልሞን የተባለውን ዓሣ ያጠመዱበት ቦታ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ቀጥሎ የመጣው ስጋት ቤት ነው። በፖርትላንድ ከተማ በኩል አዲስ ትልቅ ድልድይ ሲሠራ ማዶው ለከተማው ቅርብ ሆነ። ገደሉ ላይ ቪላ በቪላ ሊሆን ነው ተባለ። ናንሲ ራስል የምትባል የዱር አበባ ወዳጅ በ1980 የሸለቆውን ወዳጆች ማኅበር መሠረተች። በራሷ ገንዘብ ሳይቀር መሬት እየገዛች ከግንባታ አዳነች። ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። "ሸለቆውን ከናንሲ ራስል አድኑ" የሚል ጽሑፍ መኪናቸው ላይ የለጠፉ ነበሩ። እነሱንም መስማት ያስፈልጋል፤ በገዛ መሬቴ ላይ ማን ያዘኛል ማለት የዋዛ ጥያቄ አይደለም።

ሕጉ በኅዳር 1986 ወጣ። ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት እያቅማሙ ነበር። ወደ 118 ሺህ ሄክታር ይሸፍናል። 13 ከተሞችና መንደሮች ከሕጉ ውጭ ሆኑ፤ እንደልባቸው እንዲያድጉ። ከእነሱ ውጭ አዲስ ኢንዱስትሪ አይፈቀድም። እርሻው ቀጠለ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ከመንገዱና ከወንዙ የሚታይ ከሆነ ጠቆር ያለ የአፈር ቀለም መቀባት አለበት። የሚያብረቀርቅ ጣሪያ አይሆንም። እኔን የማረከኝ ይህ ነው። አንድ የሚያንጸባርቅ ቆርቆሮ ስንት ኪሎ ሜትር እይታ እንደሚያበላሽ የሶደሬን መንገድ የሚያውቅ ይረዳዋል።

የአዋሽ ፓርክ የተቋቋመው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ሳላውን የመሰሉ የዱር እንስሳት መጠለያ ስላገኙበት ደስ ይለኛል። ግን ፓርኩም በዙሪያው የተስፋፋው የሸንኮራ አገዳ እርሻም የከረዩ አርብቶ አደሮችን የግጦሽ መሬት ወስደዋል። ውሃና ሣር ያጣ ከብት አጥር አያከብርም፤ ግጭቱም ከዚያ መጣ።

ስለዚህ ከፓርኩ ውጭ ላለው የአዋሽ ዳርቻ የቀጣናው ሐሳብ ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል። የኮሎምቢያን ሸለቆ የሚመራው ኮሚሽን ድምፅ የሚሰጡ 12 አባላት አሉት። ስድስቱን የሚሾሙት የሸለቆው አውራጃዎች፣ ስድስቱን የሁለቱ ግዛቶች ገዥዎች ናቸው። እኛ ጋ ቢሞከር ከመጀመሪያዎቹ ወንበሮች አንዱ ለከረዩ ሽማግሌዎች ሊሰጥ ይገባል።