ኦን ኮል እና «30 ደቂቃ»፦ የኦፕሬሽን ክፍል ነርሶች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ ኦፕሬሽን ክፍል የሚቀጠሩ የአገር ልጆች ስለ ኦን ኮል ሲጠይቁኝ ግራ መጋባቱ ከቃሉ ይጀምራል። አገር ቤት «ዛሬ ዱቲ ነኝ» ስንል ሆስፒታል አድረን እንሠራለን ማለታችን ነው። እዚህ ግን ኦን ኮል የያዘች ነርስ አብዛኛውን ጊዜ ቤቷ ተኝታ፣ ስልክ ሲደወል ተነስታ የምትሄድ ናት።

«ከተደወለ በ30 ደቂቃ መድረስ የአገሩ ሕግ ነው»

አይደለም። የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ በስንት ደቂቃ መድረስ እንዳለባት የሚደነግግ የፌዴራል ሕግ የለም። ቁጥሩን የሚያወጣው ሆስፒታሉ ነው። ይሁንና እንዲሁ ከሜዳ ያመጣዋል ማለት አይደለም። የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የትራውማ ማዕከላትን (ከባድ አደጋ የደረሰባቸውን የሚያክሙ ሆስፒታሎችን) ሲመዝን፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ማዕከል ኦፕሬሽን ክፍሉን ከነባለሙያው በ15 ደቂቃ፣ ሦስተኛ ደረጃ ደግሞ በ30 ደቂቃ ዝግጁ እንዲያደርግ ይጠይቃል። በ15 ደቂቃ ከቤት ተነስቶ መድረስ ስለሚከብድ ትልልቆቹ ማዕከላት ሌሊትም ቡድን ያሳድራሉ። ስለዚህ ከመቀጠራችሁ በፊት የሆስፒታሉን ደረጃ እወቁ።

«ካርታው 22 ደቂቃ ካለኝ እደርሳለሁ»

እኔም እንዲህ ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተደወለልኝ። የመኪናው መስታወት በረዶ ጋግሮበታል፤ እሱን ስፍቅ፣ ፓርኪንግ ፎቅ ላይ ቦታ ስፈልግ፣ የኦፕሬሽን ክፍል ልብስ የሚሰጠው ማሽን ባጄን አላነብ ሲል፣ ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ ስደርስ 41 ደቂቃ አልፏል። የአንስቴዥያው ባለሙያ ከበሽተኛው ራስጌ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ገና ጎዙን (የደም መጥረጊያ ጨርቁን)፣ መርፌውንና መሣሪያውን ለሐኪሙ መሣሪያ ከምታቀብለው ስክራብ ነርስ ጋር አንድ በአንድ መቁጠር አለብኝ። ያ ቆጠራ በችኮላ አይሠራም፤ የተረሳ ጎዝ ሆድ ውስጥ ይቀራል።

ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ስልኩ ሲደወል ነው። የሚያበቃበት ቦታ ግን ይለያያል፦ አንዱ ሆስፒታል ግቢ መግባትን ይቆጥራል፣ ሌላው ልብስ ቀይሮ ክፍሉ ውስጥ መገኘትን። በሁለቱ መካከል አሥር ደቂቃ ሊኖር ይችላል። ይህን በጽሑፍ የተቀመጠውን መመሪያ አይታችሁ አረጋግጡ፤ የሰው ወሬ አይበቃም።

«ሐኪሙ ከዘገየ እኔም ብዘገይ ችግር የለውም»

ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ሲገባ ጠረጴዛው ተዘርግቶ፣ ቆጠራው አልቆ መጠበቅ አለበት። ይህን የምታደርጉት እናንተ ናችሁ።

«ኦን ኮል የያዝኩበት ሰዓት በሙሉ እንደ ሥራ ይከፈለኛል»

በአሜሪካ የፌዴራል የሠራተኛ ደንብ መሠረት ሆስፒታል ውስጥ እንድትቆዩ ከታዘዛችሁ ጊዜው የሥራ ሰዓት ነው። ቤታችሁ ሆናችሁ ስልክ ብቻ የምትጠብቁ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደለም፤ ብዙ ሆስፒታሎች ለመጠበቁ በሰዓት ጥቂት ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ሙሉ ክፍያው ተጠርታችሁ ስትገቡ ነው። የመድረሻው ደቂቃ ገደብ ጊዜያችሁን ለራሳችሁ ማዋል እስከማትችሉ ድረስ ሲጠብቅ ነገሩ ለክርክር ይከፈታል። አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ፣ በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ8 ደቂቃ ውስጥ እንዲደርስ ይገደድ የነበረ የቤልጂግ እሳት አደጋ ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ የሚጠብቅበት ጊዜ የሥራ ሰዓት ነው ብሏል።

«ሰርግ ላይ አንድ ብርሌ ጠጅ ምን ያደርጋል?»

ኦን ኮል ከያዛችሁ አትቅመሱ። ሰርጉም ከሆስፒታሉ አንድ ሰዓት የሚርቅ ከሆነ ቀኑን ከባልደረባ ጋር ቀድማችሁ ተለዋወጡ።

«ሌሊቱን ብሠራም ጠዋት ፈረቃዬን መግባት ግዴታዬ ነው»

በዝምታ የሚደክሙ ብዙ እህቶችን ስለማውቅ ይህ ያሳዝነኛል። የአሜሪካ የኦፕሬሽን ክፍል ነርሶች ማኅበር፣ ኤኦአርኤን፣ ተጠርቶ ሲሠራ ላደረ ሰው ከቀጣዩ ፈረቃ በፊት የማረፊያ ጊዜ እንዲመቻች ይመክራል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ገና ጓንት ካላወለቃችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ለተረኛዋ ኃላፊ ደውሉና «ጠዋት 1 ሰዓት በደህና መሥራት አልችልም» በሉ።