አረቄ አይደለም የምናወጣው፦ ስለ ባዮፊውል ላብራቶሪ ኢንተርንነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የባዮፊውል (ከእጽዋትና ከመሳሰሉት የሚሰራ ነዳጅ) ላብራቶሪ ኢንተርን፣ ማለትም ተለማማጅ፣ ሆኜ ከሰራሁ ወዲህ፣ ሰርግ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት ስለ ስራው የሚጠይቀኝ ሰው አላጣሁም። ጥያቄው ደስ ይለኛል። የሚገርመኝ ግምቱ ሁሌ አንድ አይነት መሆኑ ነው። ለማመልከት የሚያስቡ ተማሪዎችም ያንኑ ግምት ይዘው ስለሚመጡ፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ ላስቀምጥ።

«አረቄ ነዋ የምታወጡት!»

ግማሹ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ የምንጠቀመው እርሾ ጠላና ጠጅ ውስጥ ከሚገኘው ጋር አንድ ዘር ነው፤ ሳካሮማይሰስ ሰርቪሲዬ ይባላል። ስኳር ይበላል፣ ኢታኖል የሚባለውን አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ብልቃጡን ግን ማንም አይቀምሰውም። ከገለባ የተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ ፉርፉራል የሚባል መርዛማ ነገር አለ፣ አሴቲክ አሲድ አለ፣ አንዳንዴም አንቲባዮቲክ ተጨምሮበታል። ላብራቶሪ ውስጥ እንኳን መጠጣት ማስቲካ ማኘክም ክልክል ነው።

ደግሞ ማጣራቱ አብዛኛውን ጊዜ የኛ ስራ አይደለም። አረቄ በሚወጣበት ዘዴ፣ ማለትም በማፍላትና በማቀዝቀዝ ብቻ፣ ኢታኖል በክብደት ከ95.6 በመቶ አያልፍም። እዚያ ላይ ሲደርስ ውሃውና አልኮሉ አብረው ይተናሉ። ቤንዚን ውስጥ እንዲገባ የቀረችው ውሃ በሌላ መንገድ መውጣት አለባት።

«ዋናው ስራ ማብላላቱ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የነገሩ እምብርት ስለሆነ። ንጹህ ግሉኮስ (እርሾው የሚወደውን ስኳር) ለእርሾ ሰጥቶ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማቆየት ማንንም አያስጨንቅም። በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል። ጭንቁ ስኳሩን ማግኘት ነው። የበቆሎ አገዳ ውስጥ ስኳሩ ሴሉሎስና ሄሚሴሉሎስ በሚባሉ ረጃጅም ሰንሰለቶች ተያይዞ፣ ሊግኒን በሚባል ጠንካራ ነገር ታጥሮ ተቀምጧል። መጀመሪያ በቀጭን አሲድና በከፍተኛ ሙቀት ይላላል። ከዚያ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ይቆራርጠዋል።

ጣጣው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሙቀቱ ሲበዛ የወጣውን ስኳር ራሱን ያበላሸውና ወደ ፉርፉራል ይለውጠዋል። ያ ደግሞ እርሾውን ይመርዘዋል። ሙቀቱ ሲያንስ አገዳው አይላላም። ሁለተኛ፣ ከሄሚሴሉሎሱ በብዛት የሚወጣው ዛይሎስ የሚባል ስኳር ነው፤ ተራው እርሾ ደግሞ ዛይሎስን ወደ አልኮል መለወጥ አይችልም። ስለዚህ ከሌላ ፈንገስ የተወሰደ ጂን ይገባለታል። ከገባለትም በኋላ ግሉኮስ እያለ ዛይሎሱን ዞር ብሎ አያየውም። ብዙው የምርምር ጊዜ የሚያልቀው ይህን ጌታ በመለማመጥ ነው።

ትልልቆቹም ቀላል መስሏቸው ተቸግረዋል። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ የኬሚካል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 አዮዋ ውስጥ ኔቫዳ በምትባል ከተማ ከበቆሎ አገዳ ኢታኖል የሚያወጣ ግዙፍ ፋብሪካ መረቀ። በ2018 ሸጦት ወጣ።

«ኢንተርን እቃ አጣቢ ነው»

አዎ፣ ታጥባለህ። ብልቃጥ ታጥባለህ፣ አውቶክሌቭ በሚባል በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ድስት ውስጥ በ121 ዲግሪ ትቀቅላለህ፣ ሚዲያ (እርሾው የሚያድግበትን ምግብ) ታዘጋጃለህ። ግን እንደ ቅጣት የሚያየው ሰው ስራው አልገባውም። በደንብ ያልጸዳ አንድ ቱቦ ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ያስገባል። ባክቴሪያው የእርሾውን ስኳር ይሻማል፣ ፈሳሹን ያኮመጥጣል። ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ሲወርድ ኮመጠጠ ማለት ነው) ያለምክንያት ሲወርድ ጠብታውን ማይክሮስኮፕ ስር ታደርገዋለህ። ከሞላላዎቹ የእርሾ ህዋሳት መሃል ቀጫጭን ዘንጎች ከታዩ የሳምንቱ ስራ ብላሽ ሆኗል።

የቀረው ናሙና መውሰድ ነው። በየጥቂት ሰዓቱ፣ አንዳንዴም ሌሊት፣ ከሪአክተሩ (እርሾው ከሚሰራበት እቃ) በሲሪንጅ ትንሽ ትቀዳለህ። ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ታዞረዋለህ፤ እርሾው ቱቦው ጫፍ ላይ እንደ ክሬም ይዘቅጣል። ከላይ የቀረውን ጠራ ያለ ፈሳሽ በደቃቅ ፊልተር አሳልፈህ ለመለኪያው ማሽን ታስቀምጣለህ። ቱቦው ላይ ሰዓቱን መጻፍ የረሳ ሰው ምንም አልሰራም ብትል ማጋነን አይሆንም።

«አልኮሉ በበዛ ቁጥር ሰዉ ያጨበጭብልሃል»

ከ100 ግራም ግሉኮስ የሚገኘው ኢታኖል ቢበዛ 51 ግራም ነው። የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። ይህ የኬሚስትሪ ህግ ነው፣ ጉብዝና አያሻሽለውም። ስለዚህ አንድ ኢንተርን 56 አገኘሁ ብሎ ሲመጣ የሚጠብቀው ጭብጨባ ሳይሆን ምርመራ ነው። ምናልባት ማሽኑ የሚስተካከልበት ስታንዳርድ፣ ማለትም የኢታኖል መጠኑ የታወቀ ፈሳሽ፣ ክዳኑ ሳይጠብቅ አድሮ ኢታኖሉ ተኖበታል። ያን ጊዜ ናሙናው ሁሉ ከእውነቱ በላይ ይነበባል። ምናልባትም ሚዲያው ውስጥ ያልተቆጠረ ስኳር አለ። በኔ እይታ ጥሩ ኢንተርን ማለት ደስ የሚል ቁጥር ሲያገኝ ቀድሞ የሚጠራጠር ነው።

«የሰው እህል እያቃጠላችሁ ነው»

ይህ ትችት ከባዶ የመጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከሚመረተው በቆሎ ሲሶ የሚሆነው ወደ ኢታኖል ፋብሪካ ይሄዳል፤ እውነት ነው አተላው ተመልሶ የከብት መኖ ይሆናል፣ ክርክሩ ግን አልቆመም። ገለባና አገዳ ላይ የሚለፋውም በዚህ ምክንያት ነው። የኛ አገር ኢታኖል ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ፊንጫና መተሐራ የሚመረተው ከሞላሰስ፣ ማለትም ስኳር ሲመረት ከሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ነገር ነው። ስኳሩ ተፈቶ የሚመጣ በመሆኑ ያ ሁሉ የአሲድና የኢንዛይም ጣጣ የለበትም። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ ነበር።

«የኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ ባዮፊውል አበቃለት»

ለቤት መኪና ሊሆን ይችላል። አውሮፕላን ግን በባትሪ አዲስ አበባ ከዋሽንግተን አይደርስም። ኢታኖልን ወደ አውሮፕላን ነዳጅ መለወጥ አሁን ትኩስ መስክ ነው። ስኳር ትተው ከብረት ፋብሪካ የሚወጣ ጋዝ እየበሉ ኢታኖል የሚሰሩ ባክቴሪያዎችም አሉ፤ ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በፋብሪካ ደረጃ ተሰርቶበታል።

«ኬሚካል ኢንጂነር ካልሆንክ አይቀበሉህም»

ውሸት። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ የምግብ ሳይንስ የተማሩ ሞልተዋል።

«ያለ ክፍያ ነው፣ ደግሞም ማንም ማመልከት ይችላል»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለምሳሌ የአሜሪካ ኢነርጂ መስሪያ ቤት በብሔራዊ ላብራቶሪዎቹ የሚያዘጋጀው ሱሊ የሚባል ፕሮግራም አለ። የክረምቱ 10 ሳምንት ነው፣ አበል ይከፍላል። ነገር ግን የሚቀበለው ዜጎችንና ግሪን ካርድ ያላቸውን ብቻ ነው። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ እዚያ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ለናንተ የሚሻለው የራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ ነው፦ ፕሮፌሰሩ ያሳተመውን አንድ ጽሑፍ አንብቡ፣ ያልገባችሁን አንድ ነገር ለይታችሁ በአጭር ኢሜይል ጠይቁት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት መስራት እንደምትችሉም ጨምሩበት። ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ስለ ስራ ፈቃዱ የሚለውን ስሙ።