የግል የአፈር ግድብ፦ ካፌ የሚወራውና እውነታው

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘው ከሚያወሩት መካከል ሰበታ ወይም ሱሉልታ እርሻ ያለው ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ ለመስኖና ለከብት ብሎ የአፈር ግድብ አሠርቷል። ባለቤቱ ከተማ፣ ግድቡ ገጠር። ወሬው ግን በሙሉ ልብ ነው። ከሚባለው ጥቂቱን እንይ።

«ግድብ ማለት ኮንክሪት ነው፤ አፈር ምን ይይዛል?»

የህዳሴውን ግድብ ፎቶ ከማየት ብዛት ይመስለኛል። ታጂኪስታን ያለው ኑሬክ ግድብ 300 ሜትር ከፍታ አለው፤ የአፈር ሙሌት ነው። ወሳኙ የትኛው አፈር፣ እንዴት ተጠቀጠቀ የሚለው ነው። መሀሉ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላማ አፈር ይሁን፤ በስሱ እየተነጠፈ፣ በልኩ እየረጠበ፣ በሮለር ይጠቅጠቅ። ለሕንፃ መሙያ የለመድነው ሬድ አሽ ለዚህ አይሆንም፤ ቀዳዳው ብዙ ነው። ዋልካም ለብቻው አያስተማምንም። በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል።

«ከታች ውሃ ካዣ አለቀለት»

ተቃራኒውን የሚለውም አለ፦ «ትንሽ ቢያዥ ምን አለበት!» ሁለቱም ተሳስተዋል። የማያዥ የአፈር ግድብ የለም። ለዚህ ነው በደንብ የተሠራ ግድብ ውስጡ ማጣሪያ አሸዋ፣ ግርጌው ላይ ደግሞ የጠጠር ማንጣፈፊያ የሚኖረው። የሚታየው የውሃው መልክና መጠን ነው። ጥበቃው በየጠዋቱ በባዶ ሃይላንድ ይቅዳና ያስቀምጠው። ከሥር ደለል ከዘቀጠ የግድቡ ሆድ ዕቃ እየወጣ ነው ማለት ነው። ሐይቁ ሳይጨምር የሚወጣው ውሃ ከጨመረም ያው ነው። ያኔ ባለሙያ «ነገ» አይባልም። አሜሪካ ኢዳሆ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ቴተን የተባለው ግድብ ገና የመጀመሪያ ውሃውን እየሞላ ነበር። ጠዋት የደፈረሰ ውሃ ታየ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ተናደ። 11 ሰው ሞተ። ያውም የመንግሥት ግድብ ነው፣ መሐንዲስ ያልጠፋበት።

«ማስተንፈሻውን ትንሽ ብናጠበው ብዙ ውሃ እንይዛለን»

ማስተንፈሻ ማለት ግድቡ ሲሞላ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት መንገድ ነው። ከሁሉም የምፈራው ይሄንን ነው፤ ምክንያቱም ብልጠት ይመስላል። የአፈር ግድብ አናቱ ላይ ውሃ ከፈሰሰበት ይሸረሸራል፣ ከዚያ ይበጠሳል። ማስተንፈሻው የተሠራው ለሐምሌና ነሐሴ ዶፍ ነው። አሜሪካ ፔንሲልቬንያ የነበረው ሳውዝ ፎርክ የተባለ የአፈር ግድብ የሀብታሞች መዝናኛ ክለብ ንብረት ነበር። ሰረገላ እንዲያልፍ ብለው አናቱን ዝቅ አደረጉት። ዓሣ እንዳያመልጥ ብለው ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አደረጉበት። እ.ኤ.አ. በ1889 ከባድ ዝናብ መጣ፤ ግድቡ ተናደና 2,209 ሰዎች ሞቱ። ለዓሣ!

«ባሕር ዛፍ ትከልበት፣ ሥሩ ይይዘዋል»

አይይዘውም። ሥሩ ሲሞት ለውሃ መንገድ ትቶ ይሄዳል፤ ዛፉን ነፋስ ከጣለው ደግሞ አፈሩን ይዞ ይነሳል። አጭር ሣር ይበቃል። ሣሩ ካጠረ የፍልፈል ጉድጓድም ቶሎ ይታያል።

«ካሰጋ ውሃውን ባንዴ መልቀቅ ነው»

ውሃው በፍጥነት ሲወርድ የረጠበው የውስጥ ተዳፋት ደጋፊ ያጣና ሊንሸራተት ይችላል። አደጋው አፍጥጦ ካልመጣ በስተቀር ቀስ እያሉ፣ ባለሙያ እያየው።

«በግሌ የሠራሁት ነው፣ ማን ይጠይቀኛል?»

ውሃው የግልህ አይደለም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሀገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ የውሃ ሥራ ለመገንባትም ፈቃድ ይጠይቃል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድና ባህላዊ መስኖን የመሳሰሉት ናቸው ከዚህ ነፃ የሆኑት። ደግሞ ግድቡ ሲሄድ አጥር አያውቅም። ኬንያ ሶላይ ውስጥ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ የአንድ የግል እርሻ የአፈር ግድብ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የሞቱት ከታች የሚኖሩት ናቸው።

ስለዚህ ከግድቡ በታች ያሉ ሰዎች ስልክ ጥበቃው እጅ ላይ ይኑር። ሌሊት ውሃው ሲደፈርስ ካየ መጀመሪያ የሚደውለው ለእነሱ ነው፤ አራት ኪሎ ያለው ባለቤት ቀጥሎ ይደርሰዋል።