ቁጥር 6 የማሞቂያ ዘይት ምንድን ነው? መቀየሩስ ለከተማ አየር ምን ይጠቅማል?

ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ቤንዚኑ፣ ኬሮሲኑና ነጭ ናፍጣው ከወጣ በኋላ ታች የሚቀር ወፍራም ጥቁር ዘይት አለ። ሕንፃ ለማሞቅ የሚቃጠለውን ይህን ዘይት አሜሪካኖች ቁጥር 6 ይሉታል፤ እኛ አገር የነዳጅ ዋጋ ዝርዝር ላይ «ከባድ ጥቁር ናፍጣ» ተብሎ የሚወጣው ዓይነት ነው። ቁጥር 2 የሚባለው የማሞቂያ ዘይት ለነጭ ናፍጣ በጣም የቀረበ ነው፤ ቁጥር 4 ደግሞ የቁጥር 2 እና የቁጥር 6 ቅልቅል።

ቁጥር 6 ካልሞቀ አይፈስም። ታንከሩ ውስጥ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በርነሩ (ዘይቱን ረጭቶ የሚያቃጥለው ክፍል) ጋ ሲደርስ ደግሞ ወደ 100 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለበት። ሙቀቱ ትንሽ ከጎደለ ዘይቱ በደንብ አይረጭም፤ ጠብታው ይተልቃል፣ እሳቱ ውስጥ ተቃጥሎ ሳያልቅ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ኒኬልና ቫናዲየም የሚባሉትን ብረቶችም ይዟል። እነዚህ ስለማይቃጠሉ ከጭሱ ጋር ወደ ሰው ሳንባ ይሄዳሉ።

ዋናው ጉዳይ ግን ድኝ ነው። ኒውዮርክ ከተማ ለቁጥር 6 የፈቀደችው የድኝ መጠን 0.3 በመቶ ነበር። አንድ ቶን ዘይት ሲቃጠል 3 ኪሎ ድኝ ይቃጠላል፤ ድኙ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ክብደቱ ስለሚያጥፍ 6 ኪሎ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የድኙ መጠን ከሚሊዮን እጅ 15 እጅ ብቻ የሆነ ቁጥር 2 ሲቃጠል ከአንድ ቶን የሚወጣው 30 ግራም ነው፤ 200 እጥፍ ያንሳል። ጋዙ አየር ላይ ሲቆይ ደግሞ ወደ ሰልፌት ብናኝ ይለወጣል፤ ፒኤም 2.5 ከሚባለው ደቃቅ ብናኝ ከፊሉ ይህ ነው። የሕንፃ ጭስ ማውጫ እንደ ኃይል ማመንጫ ከፍ ብሎ የቆመ ባለመሆኑ ጭሱ የሚለቀቀው ሰው በሚኖርበት መሃል ነው።

ኒውዮርክ ውስጥ ቁጥር 4 እና 6 ያቃጥሉ የነበሩት ሕንፃዎች 10,000 ገደማ፣ ከከተማው ሕንፃዎች 1 በመቶ ብቻ ነበሩ። በከተማው አስተዳደር ስሌት ግን ከከተማው መኪናዎች ሁሉ የበለጠ ጥላሸት ይለቁ ነበር። ይህን ያህል ጥቂት ሰው ላይ አተኩሮ ይህን ያህል ሕዝብ የሚጠቅም እርምጃ በአየር ብክለት ሥራ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ከተማዋ ከታኅሣሥ 2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመብራት ምሰሶዎች ላይ መለኪያ ሰቅላ ስትከታተል፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱና ኒኬሉ የበዛው እነዚህን ዘይቶች የሚያቃጥሉ ቦይለሮች (የሕንፃ ማሞቂያዎች) በተከማቹበት ሰፈር ሆኖ ተገኘ። በ2011 ደንብ ወጣ፤ ቁጥር 6 በ2015 እንዲቀር ተወሰነ። ለቁጥር 4 የተሰጠው ጊዜ እስከ 2030 ነበር፤ በኋላ ወደ 2027 ተሳበ። የኒውዮርክ ግዛትም ከሐምሌ 2012 ጀምሮ የማሞቂያ ቁጥር 2ን የድኝ መጠን በሚሊዮን 15 ላይ ገደበ። ከ2008 እስከ 2013 በብርድ ወራት የሚለካው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በ69 በመቶ ቀነሰ። ውጤቱ የሁለቱም ሕጎች ነው፤ ለአንዱ ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም።

ቅያሪው ዘይት ከማስቀዳት ያለፈ ሥራ አለው። ቀላሉ ዘይት አሮጌ ታንከር ውስጥ ሲገባ ለዓመታት የተጋገረውን ዝቃጭ ያሟሟዋል፤ ዝቃጩም ማጣሪያውንና ኖዝሉን (ዘይቱ የሚረጭበትን ቀዳዳ) ይደፍናል። ስለዚህ ታንከሩ አስቀድሞ ይታጠባል፣ የታንከሩ ማሞቂያ ይነሳል፣ በርነሩ ይስተካከላል ወይም ይቀየራል። ቁጥር 2 በጋሎን የሚሰጠው ሙቀት 8 በመቶ ያህል ስለሚያንስ በጀቱም በዚያ ልክ ይታሰብ።

ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ለሚቀይር ትልቁ ስጋት ጭስ ማውጫው ነው። የጋዝ ጭስ እንፋሎት ይበዛዋል። አሮጌና ሰፊ በሆነ የጡብ ጭስ ማውጫ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ወደ ውሃ ይለወጥና ግድግዳው ላይ ካለው የድኝ ጥላሸት ጋር ተቀላቅሎ አሲድ ይሆናል፤ የጡቡን ማያያዣ ይበላዋል። የረገፈው ፍርስራሽ መተላለፊያውን ከዘጋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ሰው ይገድላል። ጋዙ ከመለቀቁ በፊት ጭስ ማውጫው ተጠርጎ በውስጡ የማይዝግ ብረት ቱቦ መግባት አለበት። ጋዝ ድኙን ከሞላ ጎደል ቢያስቀርም የናይትሮጅን ኦክሳይድ (ሌላ በካይ ጋዝ) ልቀቱ አይቀርም። ሕንፃው ራሱ ጭስ እንዳይኖረው የሚያደርገው ከውጭ ሙቀት ስቦ ወደ ውስጥ የሚያስገባው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሂት ፓምፕ ነው።

ቁጥር 2 ላይ ለሚቆይ ሕንፃ በየዓመቱ የጭስ ምርመራ ያስፈልጋል። ባለሙያው በእጅ ፓምፕ ጭሱን በነጭ የማጣሪያ ወረቀት ላይ 10 ጊዜ ይስብና የቀረውን ነጥብ ከ0 እስከ 9 ካለው የጥቁረት መለኪያ ጋር ያስተያያል። በደንብ የተስተካከለ በርነር ከ1 አይበልጥም። ነጥቡ ከጠቆረ በአብዛኛው አየር አንሶታል ወይም ኖዝሉ አርጅቷል። አየሩን ከመጠን በላይ መክፈት ደግሞ ወረቀቱን ቢያነጣም ሙቀቱን በጭስ ማውጫው ያስወጣል፤ ስለዚህ በጭሱ ውስጥ ያለው ኦክስጅንም አብሮ ይለካ።